ወይን፣ ውሃና ምሬት፦ የቬኔቶው ስፕሪትዝ ታሪክ

ስፕሪትዝ በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ በተለይም በቬኔቶና በአጎራባቹ በፍሪዩሊ ግዛት የተለመደ ከእራት በፊት የሚጠጣ ኮክቴል ነው። በዛሬው መልኩ ፕሮሴኮ ከሚባለው አረፋማ ነጭ ወይን፣ ሥራ ሥርና የብርቱካን ልጣጭ ተዘፍዝፎበት ከሚወጣ ደማቅ መራራ መጠጥ፣ እንዲሁም ጋዝ ካለው ጥቂት ውሃ ተቀላቅሎ፣ በረዶ በሞላበት ሰፊ የወይን ብርጭቆ ውስጥ አንድ ቁራጭ ብርቱካን ታክሎበት ይቀርባል። ኢጣሊያኖች እንዲህ ያለውን መጠጥ፣ አብሮት የሚቀርበውን ቀለል ያለ ምግብና ሰው ከሥራ ወጥቶ እራት እስኪደርስ የሚቆይበትን ሰዓት ጭምር አጠቃልለው «አፔሪቲቮ» ይሉታል፤ ይኸውም የምግብ ፍላጎትን የሚከፍት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ካፌዎች «ስፕሪስ» እየተባለ የሚቀርበው የሻይና የቡና ወይም የጭማቂዎች ድብልቅ በስም ቢቀራረበውም አልኮል የሌለበት ሌላ መጠጥ በመሆኑ ከዚህ ታሪክ ውጭ ነው።

የስፕሪትዝ ሻጮች መጠጡን የጥንታዊቷ ቬኒስ ቅርስ አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። ታሪኩ በዘመን ቅደም ተከተል ሲመረመር ግን፣ በብርጭቆው ውስጥ ያሉት ነገሮች በተለያየ ዘመንና በተለያዩ ከተሞች፣ አንዱ ሌላውን ሳያስብ ተፈጥረው፣ የተገናኙትም እጅግ ዘግይተው መሆኑ ይታያል። ቀድሞ የነበረው ማንም ብዙ ዋጋ የማይሰጠው ውሃ ሲሆን፣ የዛሬው ጠጪ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አረፋማ ወይን ደግሞ በመጨረሻ የገባ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

የቬኒስ ሪፐብሊክ ለብዙ መቶ ዓመታት ራሷን ችላ ከኖረች በኋላ በ1797 ለናፖሊዮን ቦናፓርት ጦር እጇን ሰጠች፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በተፈረመው የካምፖ ፎርሚዮ ውልም ከተማይቱና አብዛኛው ግዛቷ ለኦስትሪያው የሐብስበርግ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ተላለፉ። ናፖሊዮን ግዛቱን በ1805 መልሶ ቢይዘውም፣ እርሱ ከወደቀ በኋላ የተሰበሰበው የቪየና ጉባኤ በ1815 ሎምባርዲያንና ቬኔቶን አጣምሮ በኦስትሪያ ዘውድ ሥር አንድ መንግሥት አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል የቬኔቶ ከተሞች በጀርመንኛ ተናጋሪ ወታደሮች፣ ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች ተሞልተው ኖሩ። በአካባቢው ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የቆየው ትውፊት እንደሚለው፣ እነዚህ ባዕዳን የቬኔቶ ወይን ከለመዱት በላይ ጠንክሮ ስለከበዳቸው ቀጂዎቹን ውሃ እንዲረጩበት ያዝዙ ነበር፤ ስፕሪትዝ የሚለው ስምም መርጨት ከሚለው የጀርመንኛ ግሥ የመጣ ነው።

ትውፊቱ ስለ ወታደሮቹ የሚናገረው ለዛ ያለው ወሬ ቢመስልም መሠረት የሌለው አይደለም፤ በቪየና የወይን ቤቶች ውስጥ ነጭ ወይንን ከጋዝ ውሃ ጋር አጋምሶ መጠጣት እስከ ዛሬ የዕለት ተዕለት ልማድ ሲሆን፣ የሐብስበርግ ግዛት በነበሩት በትሪየስቴና በፍሪዩሊ ከተሞችም «ነጭ ስፕሪትዝ» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚቀዳለት ይኸው የወይንና የውሃ ድብልቅ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ወይንን በውሃ ማቅጠን የኦስትሪያውያን ፈጠራ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ያልቀጠነ ወይን መጠጣትን የአረመኔዎች ጠባይ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ሮማውያንም ከእነርሱ ብዙ አልራቁም። ስለዚህ የሐብስበርግ ሰዎች ያመጡት አዲስ ነገር ቢኖር ስሙና በመጠጥ ቤት ቆሞ የማዘዙ ወግ ነው ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

ውሃው ራሱ የተለወጠው በዚሁ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 በሊድስ ከተማ ከአንድ የቢራ መጥመቂያ አጠገብ ሲኖር፣ ከሚብላላው ቢራ በላይ የሚንሳፈፈውን አየር፣ ማለትም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ፣ ከውሃ ጋር የማዋሐድ ዘዴ አገኘ። በ1783 ዮሐን ያኮብ ሽዌፕ በጄኔቫ ይህንኑ ወደ ንግድ ለወጠው፤ በሐብስበርግ ግዛት ውስጥ ደግሞ መነኩሴና የፊዚክስ መምህር የነበረው ሀንጋሪያዊው አንዮሽ የድሊክ በ1826 የራሱን የሶዳ ውሃ መሥሪያ መሣሪያ ሠራ። ሲፎን የሚባለው፣ ማስተንፈሻው ሲጫኑት በውስጡ ያለው ግፊት ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ወፍራም ጠርሙስ ከተስፋፋ በኋላ፣ ከምንጭ የሚቀዳው ተራ ውሃ ቀስ በቀስ ቦታውን በብርጭቆ ውስጥ ለሚንቸለቸለው ውሃ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ውሃ ወይኑን ከማቅጠን አልፎ ሕይወት የሚዘራበት ሆነ፤ ጋዙ የወይኑን መዓዛ ወደ አፍንጫ ሲያነሣው ቅጥነቱ ብዙም አይታወቅምና።

የቬኒስ ሰዎች በ1848 በዳንኤሌ ማኒን መሪነት ተነሥተው ኦስትሪያውያንን አባረሩ፤ ነገር ግን ከረጅም ከበባ፣ ከመድፍ ድብደባና ከኮሌራ በኋላ በነሐሴ 1849 ተመልሰው ተገዙ። ቬኔቶ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር የተዋሐደው በ1866 ነው። ሰዎቹ የኦስትሪያን ባንዲራ በደስታ አወረዱ፤ መጠጧን ግን አስቀሩት።

በዚያው ክፍለ ዘመን በምዕራቡ የኢጣሊያ ሰሜን፣ ከስፕሪትዝ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ሌላ ጥበብ እያደገ ነበር። በ1786 አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ በቶሪኖ ከተማ ቬርሙት የሚባለውን፣ ምሬቱ ሬትን በመሰለው በአሪቲ ቅጠልና በሌሎች ቅመሞች የሚዘጋጅ ጣፋጭ ወይን ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ቀድሞ በመድኃኒት ቀማሚዎች መደርደሪያ ላይ የነበረው ምሬት ወደ ካፌ ጠረጴዛ ተሻገረ። በ1860 ጋስፓሬ ካምፓሪ በኖቫራ ከተማ ቀይ መራራ መጠጡን ቀመመ፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ሚላኖ ተዛውሮ በ1867 በተከፈተው በታላቁ የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ የገበያ ሰገነት ውስጥ ካፌ ከፈተ። የካምፓሪ ደማቅ ቀለም ኮቺኒል ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ይወጣ የነበረ ሲሆን፣ ኩባንያው ይህን የተወው በ2006 ነው። ካምፓሪን ከቬርሙትና ከሶዳ ውሃ ጋር ያዋሐደው «አሜሪካኖ» የተባለው መጠጥም ከዚሁ ከሚላኖና ከቶሪኖ ትዳር የተወለደ ነው።

መራራ ነገር ከምግብ በፊት የሚወሰድበት ምክንያት ተራ ልማድ ብቻ አይደለም። በምላስ ላይ ያሉት የምሬት ተቀባዮች ሲነኩ አፍ ምራቅ ያመነጫል፤ ሰውም ቀጥሎ የሚበላውን ይሻል። እንደ ጄንሺያን ያሉ የተራራ ሥራ ሥሮችና ኪኒን የሚወጣበት የሲንኮና ቅርፊት ለዚህ ተመረጡ፤ ስኳር ደግሞ ምሬቱን እንዲሸከመው ታከለ። ጌሾ ለጠጅ የሚሰጠውን፣ ማርን ከመሰልቸት የሚያድን ምሬት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሚዛን ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም።

ሦስተኛው ነገር፣ አረፋማው ወይን፣ መልኩን የያዘው ከቬኒስ በስተሰሜን ባሉት በኮኔልያኖና በቫልዶብያዴኔ መካከል በተዘረጉት ቀጥ ያሉ ኮረብታዎች ነው። ኬሚስቱ አንቶኒዮ ካርፔኔ በ1868 በዚያ የወይን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1876 ደግሞ በኮኔልያኖ የኢጣሊያ የመጀመሪያው የወይን አመራረት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ካደረጉት አንዱ ሆነ። ያኔ አረፋማ ወይን መሥራት ማለት እንደ ፈረንሳዩ ሻምፓኝ ሁለተኛውን መብላላት በየጠርሙሱ ውስጥ ማካሄድ ማለት ነበር፤ ይህም ውድና አድካሚ ሥራ ነው። በአስቲ የወይን ምርምር ጣቢያን ይመራ የነበረው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በ1895 ይህን መብላላት በአንድ ትልቅ ዝግ ጋን ውስጥ የማካሄድ ዘዴ አስመዘገበ፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ሻርማም በ1907 ዘዴውን አሻሻለው። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚያወጣው ጋዝ ከጋኑ መውጫ ስለሚያጣ ከወይኑ ጋር ይዋሐዳል፤ ወይኑም በግፊት እንደተዘጋ ተጣርቶ በጠርሙስ ይሞላል። የፕሮሴኮ ወይን ጠባዩ ቀላል፣ መዓዛው አረንጓዴ ፖምና ነጭ አበባ የሚያስታውስ በመሆኑ ዘዴው ለእርሱ እንደተፈጠረ ሁሉ ተስማማው። ሆኖም በዚህ ጊዜ ፕሮሴኮ ወደ ስፕሪትዝ ብርጭቆ አልገባም፤ ይህ እስኪሆን ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ቀርተው ነበር።

የታሪኩ ማጠፊያ ያለው በፓዶቫ ከተማ ነው። ጁሴፔ ባርቢየሪ በ1880 በባሳኖ ዴል ግራፓ የመሠረተውን የአረቄ ድርጅት ልጆቹ ሉዊጂና ሲልቪዮ በ1912 ተረከቡ፤ በባርቢየሪ ስም ከሚሸጡት ጠንካራ መጠጦች የተለየ፣ አልኮሉ አነስተኛ የሆነ መራራ መጠጥ ለመቀመምም ለዓመታት ሞከሩ። በመካከሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ፓዶቫ ከጦር ግንባሩ ጀርባ የምትገኝ የአዛዦች ከተማ ሆና ከአየር ተደበደበች፤ በኢጣሊያና በኦስትሪያ መካከል ጦርነቱን ያቆመው ስምምነትም ኅዳር 3 ቀን 1918 በከተማዋ ዳር ባለው በቪላ ጁስቲ ተፈረመ። በቀጣዩ ዓመት ፓዶቫ ትልቅ የንግድ ትርኢት ስታዘጋጅ ወንድማማቾቹ መጠጣቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ስሙንም ፈረንሳዮች የቅድመ ምግብ መጠጣቸውን አሳጥረው ከሚጠሩበት ቃል ወስደው «አፔሮል» አሉት። በውስጡ መራራና ጣፋጭ ብርቱካን፣ ጄንሺያን፣ ሩባርብ የተባለው ተክልና የሲንኮና ቅርፊት እንዳሉ ይታወቃል፤ ሙሉው ቅመማ ግን ዛሬም ምሥጢር ነው። አልኮሉ ከመቶ 11 እጅ ብቻ መሆኑ፣ ማለትም ከተለመደ ወይን የማይበልጥ መሆኑ፣ ለዘመኑ ደፋር ሐሳብ ነበር። ካምፓሪ በኢጣሊያ የሚሸጠው በመቶ 25 እጅ ጥንካሬ መሆኑን ላሰበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

በ1920 ደግሞ የፒላ ወንድማማቾች በራሷ በቬኒስ «ሴሌክት» የተባለውን ቀይ መጠጥ አወጡ፤ ይህ ከአፔሮል የጠነከረ፣ ምሬቱም የበለጠ ነው። ፓዶቫ የብርቱካን ቀለም፣ ቬኒስ ቀይ ቀለም ይዘው የቀሩት ከዚያ ወዲህ ነው። የድሮው የወይንና የውሃ ድብልቅ ከእነዚህ መራራ መጠጦች በአንዱ መቅላት የጀመረው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ስፕሪትዝ ቀለም ያገኘውም ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት አሥርት ዓመታት ለስፕሪትዝ ጸጥ ያሉ፣ ለአካባቢው መጠጦች ግን ብዙ የተፈጠረባቸው ናቸው። በ1932 ካምፓሪ ከሶዳ ጋር ተቀላቅሎ ያለቀለት መጠጥ፣ ሠዓሊው ፎርቱናቶ ዴፔሮ በቀረጸው ሾጣጣ ቅርጽ ባለው ትንሽ ጠርሙስ ለገበያ ቀረበ። በ1948 ጁሴፔ ቺፕሪያኒ በ1931 በከፈተው በቬኒሱ ሃሪስ ባር የተፈጨ ነጭ ኮክን ከፕሮሴኮ ጋር አዋሕዶ፣ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ በጆቫኒ ቤሊኒ ስም «ቤሊኒ» አለው፤ ይህም ለባለጠጎችና ለጎብኚዎች የተሠራ የተንደላቀቀ መጠጥ እንጂ እንደ ስፕሪትዝ የሠራተኛና የተማሪ አልነበረም። በ1952 ከአርቲቾክ የሚዘጋጀው «ቺናር» ተወለደ። የኢጣሊያ ኢኮኖሚ በፍጥነት ሲያድግ ማቀዝቀዣ ወደ እያንዳንዱ ቡና ቤት ገባ፤ ቴሌቪዥንም ማስታወቂያን ወደ እያንዳንዱ ቤት አስገባ፤ ከ1957 ጀምሮ በየምሽቱ ይተላለፍ በነበረው «ካሮዜሎ» በተባለው የማስታወቂያ ዝግጅት አማካይነትም አፔሮል በመላው አገሪቱ ታወቀ። ቢሆንም ከቬኔቶ ውጭ ያለው ኢጣሊያዊ አፔሮልን የሚጠጣው ብቻውን ወይም በበረዶ ነበር።

በዚያ ዘመን የስፕሪትዝ እውነተኛ ቤት ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው በቬኒስ «ባካሮ» የሚባለው ጠባብ የወይን ቤት ሲሆን፣ ጠጪው ቆሞ በትንሽ ብርጭቆ እየተቀዳለት፣ በዳቦ ላይ የተደረገ ጨው የበዛበት ዓሣ፣ የተጠበሰ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል ግማሽ ይቀምሳል፤ በዚያ ስፕሪትዝ በብርቱካን ፋንታ ወይም ከብርቱካኑ ጋር አንድ አረንጓዴ ወይራ ይገባበታል። ሁለተኛው በ1222 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ የምትታወቀው ፓዶቫ ናት፤ በፒያሳ ዴሌ ኤርቤና በአካባቢው ባሉ አደባባዮች ማምሻውን የሚሰበሰቡት ተማሪዎች ስፕሪትዝን በርካሽ ዋጋ የሚገኝ የወጣት መጠጥ አድርገውታል። በሁለቱም ቦታ ወይኑ በአብዛኛው አረፋ የሌለው የአካባቢው ነጭ ወይን ነበር። በሎምባርዲያዋ ብሬሻ «ፒርሎ» የሚባለው የስፕሪትዝ ዘመድ፣ ነጭ ወይን በካምፓሪና በጋዝ ውሃ፣ ይህን የቀድሞውን መልክ ጠብቆ እስከ ዛሬ ይኖራል። አረፋማ ወይን በመራራ መጠጥ ላይ ማፍሰስ የሚለው ሐሳብ በሚላኖ በሌላ መንገድ የመጣ ይመስላል፤ በ1972 በባር ባሶ የሚሠራው ሚርኮ ስቶኬቶ ኔግሮኒ በተባለው ኮክቴል ውስጥ ሊገባ ይገባው የነበረውን ጂን ትቶ አረፋማ ወይን እንደጨመረበት፣ መጠጡም «የተሳሳተው ኔግሮኒ» ተብሎ እንደቀረ ይነገራል። ፕሮሴኮ በ1969 በሕግ የተከለለ የትውልድ ቦታ ካገኘ በኋላ ምርቱ እየበዛ ዋጋውም እየተመጣጠነ ሲሄድ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የቬኔቶ ቀጂዎች ነጩን ወይን በእርሱ ተኩ። ዛሬ «ክላሲክ» የሚባለው ስፕሪትዝ ተሟልቶ የተገኘው ያኔ ነው።

ቀሪውን የሠራው ንግድ ነው። የካምፓሪ ኩባንያ የአፔሮል ባለቤት የነበረውን «ባርቤሮ 1891» የተባለ ድርጅት በ2003 ገዛው፤ ጠርሙሱን ብቻ ከመሸጥ ይልቅም ሙሉውን ኮክቴል፣ ብርጭቆውን፣ ቀለሙንና ሰዓቱን ጭምር ሸጠ። ከኢጣሊያ ውጭ ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች ኦስትሪያና ጀርመን መገኘታቸው ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚወደው ፌዝ ነው፤ የሐብስበርግ ወታደሮች በውሃ ያቀጠኑት ወይን ከአንድ ምእት ዓመት ተኩል በኋላ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ዋጋውም ጨምሮ ወደ አያት አገሩ ተመለሰ። አፔሮል ዛሬ የካምፓሪ ኩባንያ ትልቁ የሽያጭ ምርት ነው።

ዓለም አቀፉ የቀጂዎች ማኅበር በ2011 ስፕሪትዝን በይፋዊ የኮክቴሎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ልክ 90 ሚሊ ሊትር ፕሮሴኮ፣ 60 ሚሊ ሊትር አፔሮልና 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሶዳ ውሃ ሲሆን፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ተብሎ በቃል ይያዛል። ብርጭቆው እስከ አፉ በትልልቅ በረዶ ይሞላል፤ በረዶው ሲያንስ ቶሎ ስለሚቀልጥ መጠጡን የሚያቀጥነው የበረዶ ብዛት ሳይሆን የበረዶ ማነስ ነው። ፕሮሴኮው ቀድሞ ይገባል፤ አፔሮል በስኳሩ ምክንያት ከባድ ስለሆነ ከላይ ሲፈስ ራሱ እየወረደ ይዋሐዳል፤ ከታች ከተቀመጠ ግን ብዙ ማማሰል ይጠይቃል፤ ብዙ ማማሰል ደግሞ ጋዙን ያባርራል። ሁሉም አስቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ከሞቃት ይልቅ ይቆያልና። ደረቅነቱ የጠበቀ፣ ስኳሩ ያነሰ ፕሮሴኮ ይመረጣል፤ ጣፋጩን አፔሮል በጣፋጭ ወይን የሚያባብስ ቀጂ የመጠጡን ዋና ነገር ያጣዋል። በዚህ ልክ የተቀላቀለው መጠጥ በረዶው ከመቅለጡ በፊት አልኮሉ በመቶ 9 እጅ ገደማ ነው፤ ከቢራ ይበልጣል፤ ስለዚህ እንደ ለስላሳ እየቆጠሩ መደጋገሙ ያታልላል።

በ2005 በደቡብ ቲሮል በናቱርኖ ከተማ ቀጂው ሮላንድ ግሩበር አፔሮሉን ትቶ የአበባ ሽሮፕና ናና በመጨመር «ሁጎ» የተባለውን ነጭ ዘመድ ፈጠረ። በ2009 የኢጣሊያ ሕግ ፕሮሴኮ የሚለውን ስም ለቦታ ብቻ ጠብቆ የወይን ዘሩን «ግሌራ» አሰኘው፤ የተከለለው ግዛትም በቬኔቶና በፍሪዩሊ ውስጥ ዘጠኝ አውራጃዎችን እንዲያቅፍ ተደረገ። ፍላጎቱ ወዲያው ስለገነፈለ፣ የዚህ ሰፊ ግዛት ዓመታዊ ምርት ከ600 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ደረሰ። የኮኔልያኖና የቫልዶብያዴኔ ኮረብታዎች በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ አፔሮል ስፕሪትዝ ጥሩ መጠጥ አይደለም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉም መጠጡን ከማስጠላት ይልቅ ሲያስተዋውቀው ከረመ። ትችቱ ፍጹም ሐሰት ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ጣፋጭነቱ ሲያይል መጠጡ ከአፔሪቲቮ ይልቅ ወደ ማጣጣሚያ ያደላል። የቬኒስ ነዋሪዎች ይህን አስቀድመው የፈቱት በማዘዣቸው ነው፤ ስፕሪትዝ ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ብርቱካናማው ይቀዳለታል፤ የከተማው ሰው ግን በሴሌክት፣ በካምፓሪ ወይም በቺናር ብሎ የሚፈልገውን ምሬት ለይቶ ያዝዛል።